መኪናን በቤት ማንሳት፦ ክሪክ ብቻውን ለምን አይታመንም?

በአዲስ አበባ የመኖሪያ ግቢዎች፣ በናይሮቢ ‘ጁዋ ካሊ’ በሚባሉት የአደባባይ ጋራዦች ወይም በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ቤቶች ደጃፍ ተመሳሳይ ትዕይንት ማየት አዲስ አይደለም። መኪናው በክሪክ ተነስቷል፤ አንድ ጎማ ወልቋል፤ ከሥሩ የሰው እግሮች ይታያሉ። ከክሪኩ ሌላ ድጋፍ የለም፤ ካለም ድንጋይ ወይም ብሎኬት ነው።

ይህን ከሚያደርጉት መካከል ብዙዎቹ ለሥራው እንግዳ አይደሉም። ደጋግመው ሠርተው አንዳች ነገር ስላልገጠማቸው ክሪኩን ያምኑታል። ክሪክ የተሠራው ግን ለማንሳት እንጂ ተሸክሞ ለማቆየት አይደለም።

ክብደቱን የያዘው ማን ነው?

የወለል ክሪክ የሚባለው፣ በትንንሽ የብረት ጎማዎች ላይ የሚሄደውና ረዥም እጀታ ያለው መሣሪያ የሚሠራው በፈሳሽ ግፊት ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። እጀታው ሲጫን ትንሹ ፒስተን ዘይቱን ወደ ትልቁ ፒስተን ይገፋዋል። የትልቁ ስፋት የትንሹን 20 እጥፍ ከሆነ የሚያነሳው ኃይልም 20 እጥፍ ይሆናል። አንድ ሰው በክንዱ ብቻ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ከመሬት ማላቀቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚመጣው መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ክብደቱን የያዘው ዘይቱ ነው፤ ዘይቱን ደግሞ የያዙት ትንሽ የብረት ኳስና የጎማ ማሸጊያዎች ናቸው። ማሸጊያው ካረጀ፣ ወይም ከኳሷ ሥር የአሸዋ ቅንጣት ከገባ፣ ዘይቱ ወደመጣበት ይመለሳል። አንዳንዴ መኪናው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ግን በቅጽበት። ዘይት ሲጎድል የፍሬን ዘይት የሚሞሉ ሰዎች ደግሞ ሳያውቁት አደጋውን ያቀርቡታል፤ የፍሬን ዘይት የክሪክን ማሸጊያ ያበላሻልና።

ከመኪናው ጋር አብሮ የሚመጣው መቀስ መሰል ክሪክ ዘይት የለውም። ነገር ግን መቀመጫው ጠባብ በመሆኑ በጥቂት ግፊት ይጋደማል። መንገድ ላይ ጎማ ለመቀየር ካልሆነ በስተቀር ለሌላ ጥገና አልታሰበም።

ስለዚህ መኪናው እንደተነሳ በብረት መደገፊያ ወይም በተለምዶ ስታንድ በሚባለው ላይ መቀመጥ አለበት። መደገፊያው ሰፊ እግሮችና ከፍና ዝቅ የሚል ምሰሶ ያለው ሲሆን፣ ክብደቱን ብረት በብረት ላይ ተደግፎ ይሸከማል። የሚያፈስ ዘይት የለውም። በአውስትራሊያ ክሪክም ሆነ መደገፊያ የሚሸጠው የግዴታ የደኅንነት መስፈርት አሟልቶ ነው።

መደገፊያም ቢሆን ይመረጣል

የመደገፊያ ዓይነቶች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጥርስ ባለው ምሰሶ የሚሠራ ሲሆን፣ ምሰሶው ሲሳብ አንድ የብረት ምላስ ጥርሱ ውስጥ እየገባ ይይዘዋል። ሁለተኛው በምሰሶው ቀዳዳ ወፍራም ካስማ የሚሻገርበት ነው።

ጥርስ ያለው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ደኅንነቱ በጥርሱና በምላሱ ጥልቅ መያያዝ ላይ ይመሠረታል። እንደ አውሮፓውያኑ በ2020 ሃርበር ፍሬት የተባለው የአሜሪካ የመሣሪያ መደብር ድርጅት፣ ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን መደገፊያዎቹን ከገበያ እንዲመለሱ የጠራው በዚሁ ምክንያት ነበር። ቁጥራቸው 1.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በማምረቻ መሣሪያ ማርጀት ሳቢያ የአንዳንዶቹ ጥርስ በበቂ ጥልቀት አይያዝም ነበር። በምትካቸው ከተሰጡት ባለ 3 ቶን መደገፊያዎችም የተወሰኑት ብዙም ሳይቆይ በብየዳ ጉድለት ተጠሩ። ካስማ የሚሻገርበት ዓይነት ቀርፋፋ ቢሆንም የሚበላሽ ነገር ጥቂት ነው፤ ለቤት ሥራ የሚቸኩል ደግሞ የለም።

በመደገፊያው ላይ የተጻፈው የቶን መጠን የአንዱ ይሁን የጥንዱ ማንበብ ያስፈልጋል፤ አምራቾች በሁለቱም መንገድ ይጽፋሉ።

ድንጋይ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብሎኬትም የባሰ ነው፤ ግድግዳ ላይ ክብደቱ እኩል ሲከፋፈልበት ይችላል፤ የመኪና ጠባብ የብረት ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ሲጫነው ግን ምልክት ሳይሰጥ ይፈረካከሳል።

ስንት ቶን ይበቃል?

ክሪክ መኪናውን በሙሉ አያነሳም፤ የፊቱን፣ የኋላውን ወይም አንዱን ጎን ነው። 1.3 ቶን ለሚመዝን የቤት መኪና ባለ 2 ቶን ክሪክ ይበቃል። ለፒክአፕ፣ ለሚኒባስና ለላንድክሩዘር ባለ 3 ቶን ይመረጣል። ከቶኑ ባልተናነሰ ከፍታው ይታያል፦ ከዝቅተኛ መኪና ሥር የማይገባ፣ ወይም ከረዥም መኪና የማይደርስ ክሪክ ሰዎችን በላዩ ጣውላ ወደ መደራረብ ይገፋፋል፤ እሱም ይንሸራተታል። በጀት ለጠበበበት፣ ውድ ክሪክ ብቻ ከመግዛት መካከለኛ ክሪክ ከጥንድ መደገፊያ ጋር መግዛት እጅግ ይሻላል።

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። እንደ ፎልክስቫገን አይዲ.4 ያሉት 2 ቶን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናሉ። ባትሪያቸው ወለላቸው ሥር ተነጥፏል። ክሪክ በተሳሳተ ቦታ ቢገባ ብረት ከማጣመም አልፎ ባትሪውን ሊጎዳና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የማንሻ ነጥቦቹ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛሉ፤ ያለ እሱ በግምት ማንሳት አይገባም።

መሬቱ እና ታኮው

የወለል ክሪክ ክንድ ቀጥ ብሎ ሳይሆን በቅስት መስመር ይነሳል። ስለዚህ መኪናው ሲነሳ ክሪኩ በጎማዎቹ ትንሽ መንከባለል አለበት። አፈር ወይም ጠጠር ላይ ጎማዎቹ ተቀርቅረው ሲቀሩ፣ የክሪኩ ራስ ከመኪናው ሥር ይንሸራተታል። ደልዳላ ሲሚንቶ የሚፈለገው ለዚህ ነው። በጂቡቲ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገራት ሙቀት የሚለሰልስ አስፋልት ላይ ደግሞ የመደገፊያው እግሮች ይሰምጣሉ፤ ከሥራቸው ወፍራም ጣውላ ይነጠፋል።

ታኮ የሚደረገው ለማይነሱት ጎማዎች ነው። የእጅ ፍሬን በአብዛኞቹ መኪኖች የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ በመሆኑ፣ የኋላው ሲነሳ መኪናውን የሚይዝ ነገር አይኖርም። አውቶማቲክ ማርሽ ‘ፒ’ ላይ መሆኑም አያስተማምንም። ሞተሩ ከሚያዞራቸው ሁለት ጎማዎች አንዱ ከተነሳ፣ ዲፈረንሻሉ አየር ላይ ያለውን ጎማ ወደኋላ እያዞረ መሬት የያዘው እንዲንከባለል ይፈቅዳል።

ቅደም ተከተሉ ከዚህ ይነሳል። ታኮው ተደርጎ፣ የጎማው ቡሎኖች መሬት ላይ ሳለ ላላ ይደረጋሉ። በተነሳ መኪና ላይ ጠንካራ ቡሎን መታገል ለመጣል ቀላሉ መንገድ ነው። ከዚያ መኪናው ይነሳል፤ መደገፊያዎቹ በተመደቡት ነጥቦች ሥር ይቀመጣሉ፤ የክሪኩ ማስተንፈሻ በጣም በዝግታ ተከፍቶ ክብደቱ ይለቀቅባቸዋል። ማንም ከሥር ሳይገባ መኪናው ከጎን በእጅ ይነቀነቃል፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ወርዶ እንደገና ይሠራል። የወለቀው ጎማ ከወለሉ ሥር ይጋደማል፤ መደገፊያው ቢከዳ ሰው ሊተርፍበት የሚችል ክፍተት ይተዋል። ክሪኩም መኪናውን እየነካ ሳይጫነው ይቆያል።

ሥራው ሲያልቅ ከሥር መሣሪያም ሆነ ሕፃን ልጅ አለመኖሩ ታይቶ መኪናው እንደገና በክሪክ ይነሳና መደገፊያዎቹ ይወጣሉ። ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ቡሎኖቹ በመስቀል ቅደም ተከተል ይጠብቃሉ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም አንድ ጊዜ እንደገና ይፈተሻሉ።