የአሊዩ አምባ ገበያ፣ የኬፕለር ሚስትና የፍቅር ልብ ወለድ

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813-1847) ከአንኮበር በታች የምትገኘው አሊዩ አምባ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ ጠረፍ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ በረሃውን አቋርጦ ግመሎቹን የሚያራግፈው በዚያ ሲሆን፣ ገበያውም ዓርብ ዓርብ ይቆም ነበር።

እስቲ አንድ ሰው በቅሎ ሊገዛ ወደዚህ ገበያ ወረደ እንበል። 10 በቅሎዎች አንድ በአንድ ይቀርቡለታል። ያያትን ከዚያ በፊት ካያቸው ጋር ማወዳደር ይችላል፤ ያሳለፋት ግን ተመልሳ አትመጣም። ከሁሉ የምትበልጠውን ለማግኘት በስንተኛዋ ላይ ቢቆም ይበጀዋል?

የሒሳብ ሊቃውንት «የጸሐፊዋ ምርጫ» የሚሉት ይህ እንቆቅልሽ እ.ኤ.አ. በ1960 በማርቲን ጋርድነር የመጽሔት ዓምድ ላይ ወጥቶ ታወቀ። መልሱም የሚከተለው ነው። የመጀመሪያዎቹን 3 በቅሎዎች አይቶ ብቻ ያሳልፍ፤ ከዚያ በኋላ ከሦስቱ የምትበልጥ እንደመጣች ይግዛ። በዕጣ ቢመርጥ ምርጧን የማግኘት ዕድሉ 10 በመቶ ነበር፤ በዚህ ዘዴ ግን ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። የሚቀርቡት ቁጥር በጣም ሲበዛ፣ አይቶ ማሳለፍ የሚገባው ከመቶው 37 ያህሉን ነው፤ የመሳካት ዕድሉም እዚያው 37 በመቶ ላይ ይረጋል። ይህም 1 ለ2.718 ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ምርጧ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዷ ከሆነች ግን ገበያተኛችን ጉድ ሆነ፤ የመጨረሻዋን፣ አንካሳም ብትሆን፣ እየጎተተ አንኮበርን ይወጣል።

ይኸው እንቆቅልሽ «የጋብቻ ችግር» የሚል ሌላ ስም አለው። በበቅሎዋ ቦታ እጮኛ ትገባለች ማለት ነው። (ንጽጽሩን ያመጣነው እኛ ስለሆንን አንባቢያት ይቅር ይበሉን።)

ለዚህ በብዙዎች የሚጠቀሰው ምሳሌ፣ ፕላኔቶች በሞላላ ምሕዋር እንደሚዞሩ ያስረዳን ዮሐንስ ኬፕለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 ሚስቱ ስትሞትበት፣ ሁለተኛ ሚስት ፍለጋ 11 ዕጩዎችን አየ፤ መዘነ፤ ተጨነቀ። አራተኛዋ መዘግየቱ ቢያሰለቻት እምቢ አለችው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1613 ወደ አምስተኛዋ ወደ ሱዛና ተመልሶ አገባት። ለ11 ዕጩዎች ቀመሩ 4 አሳልፎ ከአምስተኛዋ ጀምሮ መምረጥን ያዛል። ሱዛና ከአራቱ በልጣ ከታየችው እዚያው ቆሞ የስድስቱን ድካም ማትረፍ ይችል ነበር።

በከንቱ ደከመ እንበል? የፍቅር ቀልድ ልብ ወለድ የሚጽፉ ደራስያን ይህን አይቀበሉም። ቀመሩ መራጩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ሰው እንደሆነ ያስባል። ልብ ወለዱ ግን የሚተርከው ስለሚለወጥ መራጭ ነው። የሄለን ፊልዲንግ «የብሪጅት ጆንስ ማስታወሻ» (እ.ኤ.አ. 1996) በለንደን የምትኖር ላጤ የዕለት መዝገብ ነው። ብሪጅት ክብደቷን፣ ያጨሰችውን ሲጋራና የጠጣችውን መጠጥ በየዕለቱ በአኃዝ ትመዘግባለች። ቁጥሩ በዛ፤ ስለ ወንዶች ያላት ግምት ግን መሳሳቱን አልተወም። በመጀመሪያ ሲያዩት የማይረባ የመሰላት ሰው በኋላ የልቧ ሰው ይሆናል። የመጽሐፉ አጽም የተወሰደው ከጄን ኦስተን «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» (እ.ኤ.አ. 1813) ነው፤ በዚያም ኤልሳቤጥ ዳርሲን መጀመሪያ እምቢ ብላ በኋላ ትቀበለዋለች። በዓርቡ ገበያ ሕግ ይህ ክልክል ነው፤ ያለፈው አልፏልና። ኬፕለር ግን ሕጉን አፍርሷል፤ ያለ ስድስቱም ሱዛናን ለይቶ ያውቃት ነበር ለማለት እንቸገራለን።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ታተመ። በውስጡም እንዲህ ያለ ጨዋታ አለ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ጎበዝ መስላ ስትጓዝ፣ ከንጉሡ ቤት የሆነች ወጣት ወንድ መስላት ትወዳታለች። እዚህ ላይ የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ሳይሆን ምልከታው ራሱ ነው፤ አሥሩንም ብታይ፣ ያየችው ልብስ ከሆነ ቀመሩ ምን ይረዳታል? በመጨረሻ ማንነቷ ሲገለጥ ንጉሡ ራሱ ጦቢያን ያገባታል።

ጦቢያን ለመንገድ ያበቃት ግን ወንድሟ ዋሕድ ነው። አባታቸውን ከምርኮ በገንዘቡ ያስለቀቀውን ደግ ነጋዴ ሊፈልግ ወጥቶ በባርነት እጅ ወደቀ። ይህ ክፍል ለአሊዩ አምባ መንገድ እንግዳ አይደለም። ወደ ታጁራ በሚወርደው ሲራራ ከዕቃው ጋር የሚሸጡ ሰዎችም ይነዱ ነበር። የሒሳቡ እንቆቅልሽ የተጻፈው በገዢው ዓይን ነው፤ የቀረበው እምቢ የማለት መብት የለውም። የኬፕለር አራተኛዋ ዕጩ ግን እምቢ አለች። ስለ እርሷ ልብ ወለድ የጻፈ ቢኖር ከኬፕለር ታሪክ ይልቅ የእርሷን ባነበብን ነበር።