የጽድ ክሽክሽ

የአዲስ አበባ ግቢዎች አጥር አድርገው የሚከረክሙት የፈረንጅ ጽድ አንዳንዴ በአረንጓዴው መሃል ቀላ ያለ ቡናማ ጠባሳ ያወጣል። ባለቤቱ ውኃ የጠማው መስሎት ያጠጣዋል፤ ጠባሳው ግን ይሰፋል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የጽድ ክሽክሽ ነው።

ክሽክሹ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚሆን ቡናማ ነፍሳት ነው። ቅርፊቱን በሹል አፉ ወግቶ የዛፉን ፈሳሽ ይመጥጣል፤ ምራቁም ቅርንጫፉን ይመርዛል። ሴቷ ያለ ወንድ ስለምትወልድ ቶሎ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ታየ፤ በ1990 ኬንያ ደረሰ። የሐበሻ ጽድንም አይምርም።

ምርመራው ጠባሳው ላይ ሳይሆን ከጠባሳው አጠገብ ባለው አረንጓዴ ቅርንጫፍ ይጀመራል፤ የደረቀው ምግብ ስለማይሰጥ ክሽክሹ ትቶት ሄዷል። ቅጠሉን ገለጥ አድርገው ጥላ ያለበትን ቀጭን እንጨት ይዩ። ከሥሩ ነጭ ወረቀት ዘርግተው ቅርንጫፉን ቢያራግፉት ነፍሳቱ ይወድቃሉ። የሚያጣብቅ ፈሳሽ፣ ጥቀርሻ የመሰለ ሻጋታና የሚመላለስ የጉንዳን ሰልፍም ያጋልጡታል። እነዚህ ሁሉ ከሌሉ ሥሩንና የውኃውን ሁኔታ መመርመር ይሻላል።

ጽድ ቅጠሉ ካለቀበት አሮጌ እንጨት ዳግመኛ አያቆጠቁጥም። ስለዚህ ሕክምናው ያልደረቀውን ለማትረፍ ነው። ጥቂት ከሆኑ በጎማ ውኃ በኃይል ማጠብ ብዙዎቹን ያራግፋል። ከበዙ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ መጀመሪያ በአንድ ቅርንጫፍ ሞክረው፣ ፀሐይ ሲበርድ ወደ ውስጥ ዘልቆ እንዲገባ ይርጩ። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ ከጥቂት ቀናት በኋላ መድገም ያስፈልጋል። በበጋ ሥሩን በደንብ ማጠጣት ዛፉን ያበረታል።

ጠንካራ ፀረ ተባይ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ክሽክሽ የሚበሉትን ጥንዚዛዎችም ይፈጃልና። የተፈጥሮ ጠላት ምን ያህል እንደሚጠቅም ማላዊ አሳይታለች፦ እ.ኤ.አ. በ1994 ከአውሮፓ የመጣ፣ እንቁላሉን በክሽክሹ አካል ውስጥ የሚጥል ትንሽ ተርብ ተለቀቀና የክሽክሹን ብዛት ቀነሰው።

የሞተው ቅርንጫፍ ሲቆረጥ የሚቀረውን ክፍተት በሌላ ጽድ መሙላት ለክሽክሹ ድግስ መደገስ ነው። ሌላ ዓይነት ቁጥቋጦ ይተከልበት፤ አንድ ተባይ አጥሩን በሙሉ አይጨርሰውም።