ካናቴራው ላይ ያለውን ማን ሣለው?

በሀዲያ ዞን በጃጁራ ወይም በሆሳዕና ያለ ወጣት ከጓደኞቹ የተለየ ቲሸርት ሲያምረው ቀድሞ የሚከፍተው ቴሌግራም ነው። ልብሱን ያየው ቲክቶክ ላይ ቢሆን እንኳ ዋጋ የሚጠይቀው፣ ሳይዙን የሚናገረውና የከፈለበትን ስክሪንሾት የሚልከው በዚያው ነው። ገንዘቡ በቴሌብር ወይም በባንክ አካውንት ይገባል። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ ዕቃው ስምና ስልክ ቁጥር ተጽፎበት በሆሳዕና መኪና ይጫናል፤ ባለቤቱም መነሃሪያ ሄዶ ከረዳቱ እጅ ይቀበላል። በእኛ አገር «ኦንላይን ግዢ» ሲባል ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ሻጩም ገዢውም ለምደውታል፣ ይሠራልም። በዚህ ሁሉ ቅብብል ውስጥ ስሙ የማይነሳ ሰው ቢኖር ሥዕሉን የሣለው ነው።

በሌላው ዓለም ንግዱን ከሠዓሊው ተነስተው የጀመሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ቺካጎ ውስጥ የተቋቋመው ትሬድለስ የተባለ ድረ ገጽ ሠዓሊዎችን ንድፍ እንዲልኩ ጋበዘ፤ ሕዝብ ድምፅ ሰጠ፤ የተመረጠው ታትሞ ተሸጠ፣ ሠዓሊውም ተከፈለው። በ2006 ሜልበርን ላይ የተነሳው ሬድባብል ደግሞ ውድድሩን አስቀረው። ማንም ሥዕሉን ይጭናል፤ ገዢ ሲገኝ ብቻ ያችው አንዷ ቲሸርት ታትማ ትላካለች። ሠዓሊው በመነሻ ዋጋው ላይ የራሱን ድርሻ ይጨምራል፤ ካልቀየረው 20 በመቶ ነው። መጋዘን የለም፣ ያልተሸጠ ክምችትም የለም። ይህ ማለት ግን ሠዓሊው አልፎለታል ማለት አይደለም። በሥዕል ጎርፍ መካከል ተፈልጎ መገኘት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል፤ ሬድባብልም ከ2023 ጀምሮ ከመደበኛ አካውንቶች ገቢ ላይ ተጨማሪ ክፍያ ይቆርጣል።

ጃጁራ ሆኖ ከእነዚህ መግዛት ይቻላል? ለወሬ ያህል፣ አዎ። የብር አካውንት ለውጭ ድረ ገጽ አይከፍልም፤ የዶላር ካርድ ያለው ወጣት ደግሞ ስንት ነው? ካርዱ ቢገኝም ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የ20 ዶላር ካናቴራ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይታከልበት ከ2,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ቅጹ ላይ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ሙላ የሚለው ሌላ ጣጣ ነው፤ እዚህ ፖስታ የሚደርሰው በሣጥን ቁጥር ነው። ስለዚህ ውጭ ዘመድ ያለው በሻንጣ ያስመጣል፣ የሌለው ይተወዋል።

እናም ቲሸርቱ እዚሁ ይታተማል። ማሳተሙ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ቲሸርቱን የመግቢያ ትኬት አድርጎታል። በዓድዋ ዕለት የምኒልክና የጣይቱ ምስል አደባባዩን ይሞላል። ምርቃቱ፣ ሰርጉ፣ የቤተ ክርስቲያን ኳየሩ፣ ሁሉም የራሱን ያሳትማል። እነዚህ በብዛት የሚታተሙ ናቸው፤ ለብዛት ደግሞ ሲልክ ስክሪን የሚያህለው የለም። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ወንፊት ይዘጋጃል፤ ዝግጅቱ አድካሚ ስለሆነ ለአንድ ቲሸርት ብሎ የሚነሳ አታሚ አይገኝም። አንዲት ለብቻዋ የተሣለች ካናቴራ ማሳተምን ያቀለለው ዲቲኤፍ የሚሉት ስልት ነው። ሥዕሉ መጀመሪያ በላስቲክ ፊልም ላይ ይታተማል፤ ከጀርባው ነጭ ቀለም ስለሚሰጠው በጥቁር ጨርቅ ላይም ይታያል። የሚያጣብቅ ዱቄት ይነሰነስበትና በ150 ዲግሪ ገደማ በሚግል ማሽን ለጥቂት ሰከንዶች ይጫናል። ሰብሊሜሽን የሚባለው ሌላ ስልት ርካሽ ነው፤ የሚይዘው ግን ፖሊስተርና ነጣ ያለ ጨርቅ ብቻ ነው። ጥጥ ላይ ቀለሙ በእጥበት ይለቃል።

ገዢው የሚያየው ፎቶ እንጂ ጨርቅ ስላልሆነ ሁለት ነገር ቢጠይቅ አይከፋም፦ ስልቱ የትኛው ነው፣ ጨርቁስ ስንት ግራም ነው? በካሬ ሜትር 180 ግራም ደህና ነው፤ ከዚያ በጣም የሳሳው ቶሎ ቅርጹን ያጣል። የራሱን ሥዕል የሚያሳትም ደግሞ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። ፎቶ ሲሆን ቴሌግራም ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ በስልክ ያማረው መስመር ደረት ላይ ሲሰፋ ይደበዝዛል። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ደንበኛው አታሚውን ይወቅሳል፣ አታሚው ፋይሉን።

የሠዓሊው ነገር የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። አታሚው ከፒንተረስት ያወረደውን ሥዕል «አዲስ ዲዛይን» ብሎ ይለጥፋል፤ ጎረቤቱም ከእሱ ይወስዳል። ሕጉ ግን አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልን ከተሠራበት ቅጽበት ጀምሮ፣ ምዝገባ ሳይጠይቅ ይጠብቃል፤ ጥበቃው በሠዓሊው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ያው አዋጅ ብዙ ወጣት ሠዓሊ የማያውቀው ነገርም አለው፦ በትእዛዝ የተሠራ ሥዕል፣ ሌላ ውል ከሌለ በቀር፣ ያዘዘው ሰው ንብረት ነው። አንዴ ተከፍሎት የሰጠው ንድፍ ለዓመታት ቢሸጥ የሚጠይቀው ተጨማሪ ክፍያ የለም። እኔ ከስርቆቱ ይልቅ ይህኛው ያሳስበኛል፤ ውል ማለት እኮ በቴሌግራም የተጻፈ ሦስት መስመር ሊሆን ይችላል።

ለአካባቢው ሠዓሊ የሚሆን ጉዳይ ሞልቷል። ዱራሜ አጠገብ ሐምበርቾ ተራራ ላይ የተሠራው 777 ደረጃ ቁጥሩ ብቻ ንድፍ ነው። የሀዲያዋ ልጅ ንግሥት እሌኒ፣ የዘርዓ ያዕቆብ ሚስትና በኋላም የመንግሥት ሞግዚት፣ ስሟ ሆሳዕና ሆስፒታል ላይ አለ። በቡታጅራ መንገድ የሚመጣ ሁሉ የሚያልፈው የጢያ ትክል ድንጋይ በላዩ የተቀረጹትን ሰይፎች የሚሥል ሰው ይጠብቃል። ፊደሉም ያሳስባል፦ ሀዲይሳና ከምባቲሳ በላቲን ስለሚጻፉ በስልክ አፖች ያለው ያጌጠ ፎንት ሁሉ ያገለግላቸዋል፤ ለአማርኛ ግን ያለው ጥቂትና የተሰለቸ ነው። በአማርኛ የተለየ ነገር የፈለገ ፊደሉን በእጁ መሣል አለበት፤ ልዩነቱ የሚታየውም እዚያ ላይ ነው።

ገዢው ደግሞ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ሎኬሽን በሚሉት የከተማ ዳር ሰፈሮች ዞሮ ልብስ የሸጠ፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ በተለምዶ ጄፒ በሚባለው መንገድ ላይ ሱቅ የከፈተ ብዙ ነው፤ ልብስ ንግድ ያውቃል። ለሀዲያው ያሆዴ ወይም ለከምባታው መሳላ በዓል አንድ ዓይነት ቲሸርት ልልበስ ቢል ከጃጁራ ጨርቅ መላክ አያስፈልግም፤ ፋይሉ በቴሌግራም ይሄዳል፣ ሕትመቱ እዚያው ይሠራል። ችግሩ ፋይሉ አንዴ ከሄደ 10 ይታተም 500 ማንም አይቆጥርም። ስለዚህ ሠዓሊው አስቀድሞ ትንሽና ስሙ የታተመበትን ናሙና ብቻ ያሳያል፤ ዋጋውንም ለስንት ቲሸርት እንደሆነ ጠይቆ ይቆርጣል፤ ሙሉው ፋይል የሚላከው ገንዘቡ ከገባ በኋላ ነው።