የከዋክብትን ብርሃን በቀጭን የመስተዋት ክር ስለ መቀበል

መግቢያ

ከዋክብት ከምን እንደ ተሠሩ፣ የሙቀታቸው መጠን ምን ያህል እንደ ሆነና በምን ፍጥነት እንደሚጓዙ የሚታወቀው ብርሃናቸው በየቀለሙ ተዘርዝሮ ሲመረመር ነው። ይህን የሚፈጽመው መሣሪያ ስፔክትሮግራፍ ይባላል። በአገራችንም በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘውና በ2015 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖችና ስፔክትሮግራፍ ስላሉት፣ ርዕሱ ለፊዚክስ መምህራን ሩቅ አይደለም።

በየክፍሉ እንደሚነገረው፣ የቴሌስኮፕ መስተዋት በሰፋ ቁጥር የሚሰበሰበው ብርሃን ይበዛል። ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የተሰበሰበው ብርሃን ሁሉ ወደ ተፈለገበት ስፍራ ይገባል ማለት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ ማብራራት ነው።

ክሩ ስለ ማስፈለጉ

ስፔክትሮግራፍ በቴሌስኮፕ ላይ ሲንጠለጠል ከቴሌስኮፑ ጋር ይዘነበላል፤ ሙቀቱም ይለዋወጣል። ስለዚህ መሣሪያውን በጸጥተኛ ክፍል አስቀምጦ ብርሃኑን በመስተዋት ክር፣ ማለትም በፋይበር፣ ማምጣት ይመረጣል። በ1995 እ.ኤ.አ. ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ በኮከብ 51 ፔጋሲ ዙሪያ የምትዞረውን ፕላኔት ያገኙት በፈረንሳይ ኦት ፕሮቫንስ ባለው የ1.93 ሜትር ቴሌስኮፕ ብርሃኑን በፋይበር በሚቀበለው ኤሎዲ በተባለ ስፔክትሮግራፍ ነበር።

ሆኖም ወፍራም ክር የራሱ ጉድለት አለው። ብርሃን በውስጡ በብዙ ዓይነት መንገድ፣ ማለትም በብዙ ሞድ ስለሚጓዝ፣ ክሩ ጥቂት ሲነቃነቅ የሚወጣው ብርሃን ቅርጽ ይለወጣል። ይህም ኮከቡ የተንቀሳቀሰ ያስመስላል። መሬት ፀሐይን የምታንቀሳቅሰው በሴኮንድ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ስሕተት መሬትን የመሰለ ፕላኔት ይሰውራል። ነጠላ ሞድ ክር ግን ብርሃንን በአንድ መልክ ብቻ ስለሚያሳልፍ የሚወጣው ቅርጽ አይለወጥም። የሞገድ ርዝመቱ 1.55 ማይክሮሜትር ለሆነ ብርሃን የሚሠራው ክር፣ ብርሃን የሚያልፍበት እምብርቱ ከ8 እስከ 10 ማይክሮሜትር ይሆናል።

ዋናው ችግር

የኮከብ ብርሃን ረጅሙን ጉዞ ሥርዓቱን ሳያጣ ከፈጸመ በኋላ፣ በምድር አየር ውስጥ ሲያልፍ ሙቅና ቀዝቃዛው አየር በየአቅጣጫው ይሰብረዋል። ከዋክብት ብልጭ ድርግም የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1.55 ማይክሮሜትር ብርሃን አየር ባይኖር፣ በ1 ሜትር ቴሌስኮፕ የሚታየው የኮከብ ምስል 0.32 ሴኮንድ፣ በ8 ሜትር ደግሞ 0.04 ሴኮንድ ያህል ወርድ ይኖረዋል። (እዚህ ላይ ሴኮንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ እጅ ነው።) አየሩ ሁለቱንም ወደ 1 ሴኮንድ ቢያሰፋቸው፣ የመጀመሪያው በ10 እጥፍ፣ ሁለተኛው በ625 እጥፍ ያህል በሚበልጥ ቦታ ላይ ይበተናል። ነጠላ ሞድ ክር የሚይዘው ደግሞ ያንን ያልተበተነውን ጠባብ ምስል ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ የ8 ሜትሩ መስተዋት 64 እጥፍ ብርሃን ቢሰበስብም፣ ምስሉ በዚያው ልክ ስለ ተበተነ ትርፉ ይጠፋል።

ምስሉን በሌንስ ማሳነስ አይቻልምን? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ሌንስ ምስሉን ሲያሳንስ ጨረሮቹ የሚገቡበትን ማዕዘን ያሰፋል፤ ክሩም ከተወሰነ ማዕዘን ውጭ የመጣውን ጨረር አይዝም።

ነገሩን በጨፋ ሸለቆ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። በክረምት ቦርከና ሞልቶ በሜዳው ላይ ሲተኛ፣ ውኃው ብዙ ቢሆንም በጠባብ የመስኖ ቦይ የሚገባው በአፉ ፊት ያለው ብቻ ነው። ወንዙ እጥፍ ቢሆንና የተኛበትም ሜዳ እጥፍ ቢሰፋ፣ ቦዩ አንዳች ተጨማሪ አያገኝም። ቦዩን የሚጠቅመው የወንዙ መብዛት ሳይሆን በአንድ መስመር መሰብሰቡ ነው።

የመፍትሔ መንገዶች

አንደኛው መንገድ አዳፕቲቭ ኦፕቲክስ ነው። ይኸውም አየሩ ያዛባውን ብርሃን በየሴኮንዱ ብዙ መቶ ጊዜ ቅርጹን በሚለውጥ መስተዋት ማቃናት ነው። በሃዋይ ያለው የ8.2 ሜትሩ ሱባሩ ቴሌስኮፕ እንዲህ ያለ ሥራ ከተሞከረባቸው አንዱ ነው። ምስሉ ፍጹም ቢሆን እንኳ፣ ቅርጹ ከክሩ ሞድ ጋር በትክክል ስለማይገጥም፣ የሚገባው ከ100 እጅ 80 ያህሉ ብቻ ነው።

ሁለተኛው በ2005 እ.ኤ.አ. የተገለጸው ፎቶኒክ ላንተርን ሲሆን፣ የተበተነውን ብርሃን በአንድ ወፍራም ክር ተቀብሎ ለብዙ ነጠላ ሞድ ክሮች ያከፋፍላል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ትንሹ ቴሌስኮፕ ያለው ዕድል ነው። በ1.55 ማይክሮሜትር ብርሃን የ1 ሜትር ቴሌስኮፕ ምስል ጉድለት በአብዛኛው ከቦታው መንቀጥቀጡ ስለ ሆነ፣ አንድ ጠፍጣፋ መስተዋት በፍጥነት በማዘንበል ብዙውን ማረም ይቻላል። ክሩ የሚያየው የሰማይ ክፍል እጅግ ጠባብ በመሆኑም፣ እንደ አዲስ አበባ ካለ ከተማ ወደ ሰማይ የሚወጣው የመብራት ብርሃን የሚያስከትለውን ጉዳት ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

በከሚሴና በአካባቢው ያለ መምህር ይህን ለማስተማር ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። ጥርት ባለ ሌሊት ተማሪዎች በአናት ላይ ያለውን ኮከብና በአድማስ አጠገብ ያለውን ያነጻጽሩ። በአድማስ አጠገብ ያለው ብርሃኑ ብዙ አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል። ከዚያም፣ «መስተዋቱን ማስፋት ይሻላል ወይስ ምስሉን ማጥራት?» ተብለው ይጠየቁ። መልሱን በስሌት ሲያገኙ፣ ትልቅነት ብቻውን ብልጫ እንዳልሆነና በአገራችን ያሉ ቴሌስኮፖችም በጥበብ ከተያዙ ለከባድ ጥያቄ ሊውሉ እንደሚችሉ ይረዳሉ።