ከቡፌ የማይወጣው ስኒ

አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜ ጠገብ ሳሎን የገባ ሰው ቡፌውን ሳያይ አይወጣም። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ዳንቴል በተነጠፈበት መደርደሪያ ላይ፣ ጠርዛቸው ወርቅ የተቀባ ስኒዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል። አያት ገዙት፣ ለእናት ወረደ፣ ነገ ደግሞ የልጅ ነው። ቡናው ግን የሚቀዳው አምና ከሱቅ በተገዛው፣ ቢሰበርም በማያስቆጨው ስኒ ነው። ልጅቷ እጇን ወደ ቡፌው ስትዘረጋ “ተዪው የኔ ልጅ፣ እሱ የእንግዳ ነው” ትባላለች። እንግዳው ሲመጣ ደግሞ “ይሰበራል፣ ይቅር” ይሆናል።

ስኒው ግን የተሠራው ለዚያው ለእንግዳው ነው፤ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይም ጠንካራ ነው።

ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ ዕጣኑ፣ ቄጠማው፣ አቦል ቶና በረካው ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አያሻቸውም። ልብ የማይባለው ሌላ ነገር ነው። ጀበናውንና ማቶቱን የሠሩት የአገር እጆች ናቸው፤ ረከቦቱና ሙቀጫው የአገር እንጨት ነው፤ ዕጣኑም ቆላ ካለ ዛፍ የተለቀመ ነው። ከቡናው ዕቃ ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ስኒው ነው። እጀታ የሌላት ትንሽ የቡና ስኒ በቀይ ባሕርና በኦቶማን ገበያዎች ለዘመናት ስትሸጥ ኖራለች። ቻይናዎች ሠርተው ልከዋል፤ የቱርኳ የኩታህያ ከተማ ሸክላ ሠሪዎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን በብዛት አምርተዋታል፤ የጀርመኑ የማይሰን ፋብሪካም በ1730ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለኦቶማን ገበያ ብሎ እጀታ አልባ ስኒ ይሠራ ነበር።

ስለ ውርሱ ዕድሜም ማጋነን ይበዛል። “ከጥንት ጀምሮ በቤታችን የነበረ” የሚባለው ስኒ፣ ቤቱ የደጋ ክርስቲያን ቤት ከሆነ፣ ከአራት ወይም ከአምስት ትውልድ እምብዛም አያልፍም። ቡና እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ በብዙ ክርስቲያን ቤት የእስላም መጠጥ ተብሎ አይጠጣም ነበር። ነገሩ የላላው አፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ሲጠጡ፣ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ሲያለዝቡ ነው። ይህ የስኒውን ክብር አይቀንስም፤ እንዲያውም የገዛውን ሰው ስም ጠይቆ ለማግኘት ገና እንዳልመሸ ያሳያል።

አሁን ወደ ዕቃው። ፖርሴሊን ማለት ካኦሊን የተባለ ነጭ አፈር ከፌልድስፓርና ከኳርትዝ ጋር ተለውሶ፣ ወደ 1300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያም በላይ በሆነ እሳት የተተኮሰ ነው። በዚያ ሙቀት ፌልድስፓሩ ቀልጦ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ይደፍናል። ለዚህ ነው ጀበና ቡናውን መጥጦ ሽታውን የሚይዘው፣ ስኒ ግን የትናንቱን ቡና ዛሬ የማያስታውሰው። አውሮፓውያን ምስጢሩን የደረሱበት በ1708 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ነው። የሳክሶኒው ገዥ ኃያሉ አውግስጦስ ወርቅ እንዲያነጥርለት ዮሐን ፍሪድሪክ በትገር የሚባል ወጣት አስሮ ይዞ ነበር። ወጣቱ ወርቅ አላነጠረም፤ ከሊቁ ቺርንሃውስ ጋር ሲሠራ ቆይቶ ፖርሴሊን አወጣ። የማይሰን ፋብሪካ በ1710 ተከፈተ።

እጀታ አለመኖሩ ጉድለት የሚመስለው ሰው አለ። እጀታ ያለው ስኒ ግን ጠጪውን ያታልለዋል፤ ጣቱ ሳይነግረው ምላሱ ይቃጠላል። እጀታ የሌለውን ስኒ አውራ ጣት ከጠርዙ፣ መሃል ጣት ከእግሩ አድርጎ የያዘ ሰው፣ ለጣቱ ያልበረደ ለአፉም እንዳልበረደ ያውቃል። ጢም ብሎ ሲሞላም ጠርዝና እግር ብቻ ስለሚያዙ ከመሃሉ ይልቅ ቀዝቀዝ ያለው ቦታ ለእጅ ይተርፋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የወርቁ ነገር ነው። ወርቁ የሳሳ ስኒ ያየ ሰው ሁሉ ፍርዱ አንድ ነው፦ “ለቀቀ፤ ለካ የውሸት ነበር።” ብዙውን ጊዜ የውሸት አልነበረም። እውነተኛ ወርቅ ነበር፤ ያለቀውም ተፍቆ ነው።

ምክንያቱ በአሠራሩ ውስጥ አለ። ስኒው ተተኩሶ፣ መስታወት መሰሉን ልባስ ለብሶ፣ በትልቁ እሳት ካለፈ በኋላ ነው ወርቁ በቀጭን ብሩሽ የሚቀባው። ከዚያ ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ባለው ለስለስ ያለ እሳት እንደገና ይገባል። በዚህ ሙቀት ልባሱ ትንሽ ይለዝብና ወርቁን ይይዘዋል እንጂ አይውጠውም። ስለዚህ ከስኒው ሁሉ ያለ ምንም መከላከያ ውጭ የቀረው ጌጡ ነው። አበባው ሰማያዊ ሆኖ ከልባሱ በታች ከተሳለ መቶ ዓመት ቢታጠብ አይነቃነቅም፤ ወርቁ ግን ከላይ ነው።

በጥንቱ አሠራር ወርቁ ዱቄት ሆኖ ይቀባና ከእሳት ሲወጣ ደብዛዛ ስለሚሆን በአጌት ድንጋይ ታሽቶ ይወለወል ነበር። ወፍራም ነው፤ ውድም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የማይሰኑ ኬሚስት ሃይንሪሽ ጎትሎብ ኩን ሌላ መንገድ አገኘ፤ ወርቁ በፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ ይቀባል፣ ፈሳሹ በእሳት ተቃጥሎ ይጠፋል፣ ወርቁም ያለ ውልወላ አንጸባራቂ ሆኖ ይወጣል። ወርቅ የተቀባ ጠርዝ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ተራ ሰው ቡፌ ውስጥ ለመግባት የቻለው እንዲህ ዓይነቱ አቀባብ ስላረከሰው ነው። ዋጋው የረከሰውም ስስ ስለሆነ ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ያንሳል። ወርቅ ደግሞ ለስላሳ ብረት ነው። አይዝግም፣ አይጠቁርም፣ ግን ይፋቃል።

እና ማን ይፍቀዋል? እኛው ነን። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንዲት እናት ስኒያቸውን እያሳዩ ፋብሪካውን ሲያማርሩ ሰምቷል፤ እጃቸው ላይ ያለው ማጠቢያ ግን አመድ የጠገበ ቃጫ ነበር። አመድና አሸዋ ለብረት ምጣድ ነው፤ ለወርቅ ጠርዝ ሞት ነው። የሽቦ ማጠቢያም እንደዚያው። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ የቡና አሻራ ውስጡን ካጠቆረው ቤኪንግ ሶዳ በእርጥብ ጣት ይታሻል፣ ወርቁ ሳይነካ።

ሁለተኛው ፋቂ ዝም ብሎ የተቀመጠው ስኒ ራሱ ነው። አንድ ስኒ ተገልብጦ እግሩ ይታይ፤ የተቀመጠበት ክብ ሻካራ ነው። ልባስ የለውም፣ ቢኖረው እሳት ውስጥ ሳለ ከመደርደሪያው ጋር ይጣበቅ ነበርና። ስኒ በስኒ ላይ ሲደረደር ያ ሻካራ ክብ የታችኛውን ወርቅ ይሞርዳል፤ ቡፌው በተከፈተና መኪና መንገድ ላይ ባለፈ ቁጥር ትንሽ ትንሽ። “እንዳይጎዳ” ተብሎ የተቀመጠው ስኒ በየወሩ አንዴ ቡና ከተቀዳበት ይልቅ የሚያልቅበት ቤት አለ። መደራረብ ግድ ከሆነ በየመሃሉ ቁራጭ ጨርቅ ይግባ።

በዋሽንግተንና በአካባቢው ያሉ ወገኖች ደግሞ የራሳቸው ጥፋት አላቸው፤ የእናታቸውን ስኒ በእጅ ሻንጣ፣ በነጠላ ጠቅልለው ውቅያኖስ ካሻገሩ በኋላ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይከቱታል። የማሽኑ ሳሙና ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ ከሙቀቱ ጋር ተባብሮ ወርቁንም ከላይ የተሳለውን አበባም ያደበዝዛል። ማይክሮዌቭ ውስጥ የገባ ባለወርቅ ስኒማ ብልጭታ ያወጣል።

“ትኩስ ቡና ይሰነጥቀዋል” የሚለው ፍርሃት ግማሽ እውነት አለው። ስኒ የሚሰነጥቀው ሙቀት ሳይሆን ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ረከቦቱ ላይ ከቡናው በፊት በሙቅ ውኃ ማለቅለቅ ነው፤ ስኒው ይሞቃል፣ ንጽሕናውም እንግዳው ዓይን ፊት ይታያል። ከመጠቀም በፊት አሮጌውን ስኒ መመርመር ግን ደግ ነው። መዳፍ ላይ አስቀምጦ ጠርዙን በጥፍር መታ ማድረግ ነው፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያለበት ግን ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ወደ መስኮት ብርሃን ተይዞ የጣት ጥላ በስኒው ግድግዳ ካሳለፈ ፖርሴሊን ነው። የተሰነጠቀው፣ ጠርዙ የተሸረፈው፣ እንዲሁም ውስጡ ከልባሱ በላይ በቀለም የተሳለው አሮጌ ስኒ ለመታየት ብቻ ይቀመጥ፤ በድሮ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላልና።

ከስኒው ጋር አብሮ ስለሚወረሰው የብር ማንኪያም ጥቂት። የአገራችን አንጥረኞች ጌጥ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ማርትሬዛ አቅልጠው ነበር። 1780 የሚል ዓመት ሁልጊዜ የሚታተምበት ይህ ገንዘብ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። የብር ዕቃ የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለ የድኝ ጋዝ ጋር ሲገናኝ ነው። ማንኪያዎቹን በላስቲክ ቀለበት አስሮ ማስቀመጥ ድኙን እቅፍ ውስጥ መስጠት ነው። ቡና በጨው በሚጠጣበት አካባቢ ማንኪያው ወዲያው ይታጠብ፤ ጨው ብርን ይበላል። የጠቆረውን ሙቅ ውኃ፣ ቤኪንግ ሶዳና የአሉሚኒየም ወረቀት ያነጻዋል፤ አሉሚኒየሙ ድኙን ከብሩ ላይ ይቀበለዋል። ብር የተለበጠ ብቻ ከሆነ ደጋግሞ መፈግፈግ ወደ ውስጡ ብረት ያደርሳል።

ዳንቴሉና የረከቦቱ ጥልፍ ጨርቅ ደግሞ ጠላታቸው በረኪና ነው። ጥጡን ያደክመዋል፤ በደንብ ካልተለቀለቀም ቢጫ ያደርገዋል። ቡና ሲፈስበት ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ መንከር፣ እድፉ ሳይለቅ ካውያ አለማሳረፍ ነው። የቡፌው ጥሬ እንጨት የሚያመነጨው አሲድ ጨርቁን ቢጫ ያደርገዋልና በታጠበ ነጭ አቡጀዴ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ከማጠፍም መጠቅለል ይሻላል፤ መታጠፊያው ላይ ክሩ ይበጠሳል።

አሥራ ሁለቱ ስኒ ለሦስት ልጆች አራት አራት ሲከፈል ማየት የተለመደ ነው። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን አራት ስኒ እንግዳ ለመጥራት አይበቃምና ሦስቱም ቤት ቡፌ ውስጥ ይቀራል። ከተስማሙ አንዱ ልጅ ስኒውን፣ ሌላው ብሩን፣ ሦስተኛው ዳንቴሉን ቢወስድ ይሻላል። የተከፈለው ቢከፈልም ከሌላ ዓይነት ጋር ቀላቅሎ ረከቦት ላይ ማቅረብ ነውር የለበትም። ከክፍፍሉ በፊት ግን ማን እንደገዛው፣ ከየት እንደገዛው፣ ለማን ሠርግ ወይም ክርስትና እንደወጣ በአንዲት ወረቀት ጽፎ ስኒው ውስጥ ማስቀመጥ ይገባል፤ የሚያውቁት እናት አጠገብ ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ሳለ ነው መጠየቅ።