የአንጎል ሕዋስ ብርሃን በኮምፒዩተር እንዴት ይመረመራል?

የአንጎል ነርቭ ሕዋስ መልእክት በሚያስተላልፍበት ጊዜ ካልሲየም ወደ ውስጡ ይገባል። ካልሲየም ግን በዐይን አይታይም፤ ስለዚህ መርማሪዎች ካልሲየም ሲያገኝ የሚደምቅ ፕሮቲን በሕዋሱ ውስጥ እንዲሠራ ያደርጋሉ። የዚህ ፕሮቲን መነሻ ጃፓናዊው ኦሳሙ ሺሞሙራ በ1962 እ.ኤ.አ. ጄሊፊሽ ከሚባለው የባሕር ፍጥረት ያገኘው አረንጓዴ ፕሮቲን ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ጁንኢቺ ናካይና ባልደረቦቹ ካልሲየምን እንዲያመለክት አድርገው ለወጡት፤ ስሙም ጂካምፕ ተባለ። ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት አረንጓዴ ብርሃን መልሶ ይሰጣል።

ነገሩን ለመረዳት፣ በመተማ ቆላ በሰሊጥ አጨዳ ወራት፣ ሌሊት ከኮረብታ ላይ ሆኖ የሠራተኞችን ሰፈር የሚመለከት ሰው እናስብ። እያንዳንዱ እሳት አንድ ሕዋስ ነው እንበል። ተመልካቹ ከተንቀሳቀሰ እሳቶቹ ቦታ የለወጡ ይመስለዋል፤ ጢስ ካለ የአንዱ ብርሃን ወደ ሌላው ይደርሳል፤ እሳቱም ፈጥኖ ቢቀጣጠል የሚበርደው ቀስ ብሎ ነው። የማይክሮስኮፑም ፊልም እነዚህ ሦስት ችግሮች አሉበት።

በሴኰንድ 30 ሥዕል የሚነሣበት ፊልም በ10 ደቂቃ 18,000 ሥዕል ስለሚሆን ሥራው ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ይሰጣል። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ በትንፋሽና በልብ ትርታ የተናወጡትን ሥዕሎች ያስተካክላል፤ ሁለተኛ፣ አብረው የሚደምቁትንና የሚደበዝዙትን ነጥቦች ሰብስቦ ሕዋሱን ይለያል፤ ሦስተኛ፣ ከአካባቢው የፈሰሰውን ብርሃን ይቀንሳል፤ አራተኛ፣ የብርሃኑን ጭማሪ ለመነሻው መጠን ያካፍላል። በመጨረሻም፣ ብርሃኑ ከመልእክቱ ዘግይቶ ስለሚጠፋ፣ መልእክቱ የተላለፈበትን ጊዜ በስሌት ይገምታል።

ሦስተኛው ደረጃ ብርቱ ጥንቃቄ ያሻዋል። የሕዋሱ ብርሃን ከ200 ወደ 300፣ የአካባቢው ደግሞ ከ100 ወደ 200 ከፍ ቢል፣ ሳይቀነስ ጭማሪው 50 በመቶ ነው። እንደ ተለመደው የአካባቢውን 0.7 እጅ ብንቀንስ ግን ከ130 ወደ 160፣ ማለት 23 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከ100ው ጭማሪ 70ው የጎረቤት ነበረ። ይህን ላልቀነሰ መርማሪ፣ በየራሳቸው የሚሠሩ ሁለት ሕዋሳት አብረው የሚሠሩ ይመስሉታል። በአይጥ ላይ የሚጥል በሽታን የሚያጠና ሰው ዋና ጥያቄው ሕዋሳት መቼ በአንድነት ይነሣሉ የሚል ስለ ሆነ፣ ስሕተቱ መልሱን ራሱን ያበላሸዋል። ይሁን እንጂ 0.7 ግምት እንጂ ሕግ አይደለም፤ ከሚገባው በላይ ብንቀንስ የሕዋሱን የራሱን ብርሃን እናጠፋለን። እንግዲህ ፕሮግራሙ የሰጠውን ቍጥር ከፊልሙ ጋር ማስተያየት የመርማሪው ፈንታ ነው።

ማይክሮስኮፑ እጅግ ውድ ነው። ነገር ግን ስዊት ቱ ፒና ካይማን የተባሉት ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ፤ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ያለው አለን ኢንስቲትዩትም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአይጥ አንጎል የሰበሰበውን መረጃ ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ስለዚህ በገንዳ ውሃ የሚኖር ተማሪ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ካገኘ፣ ያንኑ መረጃ መርምሮ የተጻፈው ውጤት ትክክል መሆን አለመሆኑን ራሱ ለማረጋገጥ ይችላል።