ብረት በሊውን ፍለጋ

በአፋር ደናክል ረባዳ፣ ዳሎል ላይ፣ ከመሬት የሚፈልቀው ውኃ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው። አየር ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፤ ሲቆይ ቀይ ቡናማ ይሆናል። ቀለሙን የሚለዋውጠው በውኃው ውስጥ የሟሟው ብረት ነው፤ ቀስ በቀስ ይዝጋል። ውኃው ሲፈልቅ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፣ ጨው ጠግቧል፣ የአሲድነቱ ልክ ፒኤች ዜሮና ከዚያም በታች ይወርዳል። በሌሎች ዓለማት ሕይወት ይኖር እንደሆነ የሚያጠኑ ሰዎች ወደዚህ መምጣታቸው አያስገርምም። ብረት እየበላ የሚያድር ፍጥረት ካለ፣ ቤቱ ይህ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የስፔኑ ፌሊፔ ጎሜዝና ባልደረቦቹ ከዳሎል ባመጡት ናሙና ውስጥ እጅግ ደቃቅ ሕዋሳት አገኘን አሉ። ያው ዓመት ሳያልቅ የፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ቡድን ሌላ መልስ ይዞ መጣ። በዙሪያው ባሉት የጨው ሸለቆዎች አርኬያ የተባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን በብዛት አሉ፤ በዳሎል ኩሬዎች ግን የሉም። በአጉሊ መነጽር ሕዋስ የሚመስሉት ሲሊካ የበዛባቸው የማዕድን እንክብሎች ሆነው ተገኙ። ብርቱ አሲድን የሚችሉ አሉ፣ ብርቱ ጨውንም የሚችሉ አሉ፤ ሁለቱን በዚያ መጠን አንድ ላይ የቻለ ግን አልተገኘም። እኔን ያሳመነኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ «የለም» ለማለት ያን ያህል መድከማቸውንም አከብራለሁ።

ከሐሙሲት ተነስቶ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ወረታ የሚሄድ ሰው ግን በክረምት በፎገራ ሜዳ ላይ የሚያየው ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ነው፤ በዳሎል ያልተገኙት፣ በብረት የሚኖሩ ተሕዋስያን ያሉት በእንዲህ ያለ ጭቃ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊው ዴሪክ ላቭሊ ከፖቶማክ ወንዝ ጭቃ ያገኘውን ባክቴሪያ ለዓለም አስተዋወቀ። ኋላ ጂኦባክተር ተባለ። ምግቡ ብስባሽ ነው፤ የብረት ዝገትን የሚፈልገው እኛ ኦክስጅንን ለምንፈልግበት ሥራ፣ ለመተንፈስ ነው። ዘመዶቹ በየአገሩ የሩዝ ማሳ ተገኝተዋል።

አፈር ላይ ውኃ ሲተኛ ኦክስጅኑ በጥቂት ቀናት ያልቃል፤ ያኔ ተራው የእነሱ ነው። ዝገቱን ሲያሟሙት ከብረት ጋር ተጣብቆ የኖረው ፎስፈረስ ይለቀቃል፣ ሩዙም ይመገበዋል። ሩዝ ደግሞ በአገዳው በኩል ወደ ሥሩ አየር ያወርዳል፤ ሥሩ አጠገብ የደረሰው ብረት እንደገና ይዝጋል። ለአረም የገባ ገበሬ ሩዙን ከጭቃው ነቅሎ ሲያጥበው ሥሩ ላይ የሚያየው ቀላ ያለ ሽፋን ከዚህ የመጣ ነው።

ወረታ የሩዝ ምርምር ማዕከል አላት። ዳሎል ድረስ ያስኬደው ጥያቄ እዚህም በዝርዝር ቢጠና ምኞቴ ነው፤ በፎገራ ጥቁር አፈር ውስጥ የሚሠሩት የትኞቹ ናቸው? በአንድ ክረምትስ ለሩዙ ምን ያህል ፎስፈረስ ይፈቱለታል?